በእጅ የሚሞላ የሽጉጥ ጥይት ባሩድ

በእጅ የሚሞላ የሽጉጥ ጥይት ባሩድ ማለት የተተኮሰን ወይም አዲስ ቀለህ ከፋብሪካ ውጭ፣ በግለሰብ እጅ ለመሙላት የሚያገለግል ጭስ አልባ ባሩድ ነው። ጥይትን በእጅ መሙላት በተለይ በአሜሪካ በዒላማ ተኳሾችና በአዳኞች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ምክንያቱ አንዳንዴ ወጪ መቀነስ፣ አንዳንዴ ገበያ ላይ የማይገኝ ጥይት ማግኘት፣ አንዳንዴም ለአንድ የተወሰነ ሽጉጥ የሚስማማ ጥይት መሥራት ነው።

ለአንድ ተራ የሽጉጥ ጥይት የሚገባው ባሩድ እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ግሬን፣ ማለትም ከግማሽ ግራም በታች ይሆናል። ይህ ጥቂት ዱቄት ግን ቀለሁን አይሞላውም፤ በብዙ የሽጉጥ ጥይቶች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቦታ ባዶ ይቀራል። በመሆኑም በስህተት ሁለት ጊዜ የተጨመረ ባሩድ ሳይፈስና ሳይታይ ቀለሁ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የባሩድ አመራረጥም ሆነ አለካክ ሲነሳ ከፍጥነትና ከዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ስህተት ቢፈጠር በዓይን ይታያል ወይ የሚለው ነው።

== የጥይት ክፍሎች ==

አንድ ጥይት አራት ነገሮች አሉት። እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ከነሐስ የሚሠራው ቀለህ፣ በቀለሁ ቂጥ መሀል የምትቀመጠው መለኮሻ (ካፕሱል)፣ ባሩዱ እና ከፊት የሚሰካው አረር ናቸው። ቃታ ሲሳብ መርፌው መለኮሻዋን ይመታል፤ ከእርሷ የሚወጣው ነበልባል ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ ባሩዱም ወደ ጋዝ ተለውጦ አረሩን በአፈሙዙ በኩል ይገፋዋል። ከተኩስ በኋላ ብዙም ሳይጎዳ የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው። ከአራቱ ውድ የሆነውም ብዙ ጊዜ እርሱ ስለሆነ ሰዎች እየለቀሙ እንደገና ይሞሉታል።

== ታሪክ ==

እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ጥይት የሚሞላው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ የፖታሲየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ሲሆን፣ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጭስና ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ኃይሉ ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ ያስፈልጋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የ.45 ኮልት ሪቮልቨር ጥይት መጀመሪያ 40 ግሬን ያህል ይጨመርበት ነበር። ያ ሁሉ ሲገባ ቀለሁ ጢም ይላል፤ ሁለት ጊዜ ልሙላ ቢሉት እንኳ ይፈሳል እንጂ አይገባም።

በዚያው ዘመን በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባውና በአማርኛ ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ጥይት ነበር። በወቅቱ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ መገበያያ ያገለግል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ናይትሮሴሉሎስን በአልኮልና በኤተር አለስልሶ፣ ዳምጦና ቆራርጦ የመጀመሪያውን አስተማማኝ ጭስ አልባ የጠመንጃ ባሩድ ሠራ። ባሩዱ በ1886 ከወጣው የሌቤል ጠመንጃ ጋር ሥራ ላይ ዋለ። በ1887 ደግሞ አልፍሬድ ኖቤል ናይትሮሴሉሎስን ከናይትሮግሊሰሪን ጋር በማዋሃድ ባሊስታይት የተባለውን አወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ ናይትሮሴሉሎስ ብቻ ያለው ባሩድ ነጠላ መሠረት፣ ናይትሮግሊሰሪን የተጨመረበት ደግሞ ድርብ መሠረት ይባላል።

አዲሱ ባሩድ በክብደት ከጥቁሩ በብዙ ይበልጥ ስለነበር ችግር አስከተለ። በጥቁር ባሩድ የለመደ ሰው የሚሰፍረው በሥፍር፣ ማለትም በመጠን እንጂ በክብደት አልነበረም። ያንኑ መስፈሪያ በጭስ አልባ ባሩድ መሙላት መሣሪያን ያፈነዳል። አንዳንድ አምራቾች መጠኑ ከጥቁር ባሩድ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ፣ ሰፋ ያለና ቀላል ጭስ አልባ ባሩድ በማቅረብ ችግሩን ለማለፍ ሞክረዋል፤ ይህ በተለይ ለአደን ጠመንጃ ተለምዶ ነበር። ለሽጉጥ የተስፋፋው ግን ጥቅጥቅ ያለውና በክብደት የሚለካው ሆነ። ላፍሊን ኤንድ ራንድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1898 ያወጣው ቡልስአይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ እየተቀያየሩ ስሙ ዛሬም በገበያ ላይ አለ።

በእጅ የመሙላት ሥራ በዘመናዊ መልኩ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ብሩስ ሆጅደን ከጦርነቱ የተረፈውን ወታደራዊ ባሩድ ገዝቶ ለግለሰቦች መሸጥ ጀመረ፤ ከዚያም በስሙ የሚጠራ ትልቅ የባሩድ ድርጅት ተፈጠረ። ከዚያ በፊት የነበረው ታዋቂ ስም ኤልመር ኪት ነው። የአይዳሆ ከብት አርቢና ጸሐፊ የነበረው ኪት፣ የ.45 ኮልት ሪቮልቨር ከፈነዳበት በኋላ ፊቱን ወደ .44 ስፔሻል አዞረ። ለዓመታት ያደረጋቸው ከባድ ሙከራዎችም በ1955 ለ.44 ማግነም ጥይት መውጣት ምክንያት ሆነዋል። የኪት ሙከራዎች ዛሬ በአድናቆት ቢነሱም፣ የተጠቀመባቸው ልኬቶች ዛሬ ይደገሙ ማለት አይደለም፤ ቀለሁም ባሩዱም ያኔ የነበረው አይደለም።

== የመቃጠል ፍጥነት ==

ጭስ አልባ ባሩድ በትክክል ሲሠራ አይፈነዳም፤ ይቃጠላል። እያንዳንዱ ቅንጣት ከላይ ወደ ውስጥ በንብርብር ይነዳል። ሜዳ ላይ ተበትኖ ቢለኮስ ቦግ ብሎ ያልቃል። በቀለህ ውስጥ ታፍኖ ሲነድ ግን የራሱ ጋዝ ግፊቱን ያሳድገዋል፣ ግፊቱ መቃጠሉን ያፋጥነዋል፣ ፈጥኖ ሲቃጠልም ግፊቱ ይበልጥ ያድጋል። ባሩድ በጥቂቱ ሲጨመር ግፊቱ በጥቂቱ ብቻ የማይጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ ወደ ከፍተኛው ወሰን ሲቃረብ ትንሽ ጭማሪ ትልቅ ዝላይ ሊያስከትል ይችላል።

ፍጥነቱን የሚወስነው ኬሚካሉ ብቻ አይደለም። ቀጭን ዝርግ ቅንጣት ብዙ ገጽ ስላለው ቶሎ ያልቃል፤ ክብ ወይም እንደ ቧንቧ ቀዳዳ ያለው ቅንጣት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በቅንጣቱ ላይ የሚቀባ ማዘግያ ኬሚካልም አለ። ከላይ የሚታየው ጥቁር ግራጫ ቀለም ግራፋይት ሲሆን፣ ባሩዱ በቀላሉ እንዲፈስና የኤሌክትሪክ ሙል እንዳያጠራቅም ያደርጋል። ስለዚህ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ባሩዶች በዓይን አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ስያሜው የጠፋ ባሩድ በመልኩ ወይም በሽታው ተለይቶ አይታወቅም፤ የሚገባው መወገድ ብቻ ነው።

የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር ስለሆነ አረሩ ከመውጣቱ በፊት ተቃጥሎ የሚያልቅ ፈጣን ባሩድ ያስፈልገዋል። ለረጅም ጠመንጃ የሚሆነው ዘገምተኛ ባሩድ በሽጉጥ ውስጥ ሳያልቅ ከአፈሙዙ ውጭ ነበልባል ሆኖ ይባክናል። ከሽጉጥ ጥይቶች መካከል ማግነም የሚባሉት ብቻ ዘገም ያለውን ይፈልጋሉ።

== አመራረጥ ==

የመጀመሪያው መነሻ የጥይቱ የግፊት ወሰን ነው። በአሜሪካ ይህን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመውና ሳሚ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የመሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም ነው። በእርሱ መለኪያ ለ.38 ስፔሻል የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 17,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው፤ ለ.45 ኤሲፒ 21,000፣ ለ9 ሚሊሜትር ሉገርና ለ.357 ማግነም ደግሞ 35,000። የ.38 ስፔሻልና የ.357 ማግነም አረር ስፋቱ አንድ ነው። ግፊታቸው ግን እጥፍ ያህል ስለሚለያይ የማግነሙ ቀለህ ሆን ተብሎ ረዘም ተደርጓል፣ በ.38 ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀለሁ ስፋት ነው። .38 ስፔሻል የተወለደው በጥቁር ባሩድ ዘመን በመሆኑ ቀለሁ ለዛሬ ባሩድ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ነው። እንደ ቡልስአይ ወይም እንደ ታይትግሩፕ ያለ ፈጣንና ጥቅጥቅ ባሩድ ሲጨመርበት ከታች ብቻ ተኝቶ ይቀራል፤ ሁለት ሦስት እጥፍም ቢጨመር ይገባል። በአንጻሩ ሰፋ ያለ፣ እንደ ገለባ የሚከመር ባሩድ ያንኑ ቀለህ አብዝቶ ይሞላዋል፤ እጥፉ ቢጨመር ሞልቶ ይፈሳል ወይም አረሩ አልገባ ይላል። ይህን ጠባይ ሆን ብሎ የያዘ ትሬይል ቦስ የተባለ ባሩድም ተሠርቷል። ቅንጣቱ መሀሉ የተበሳ ቀለበት ሲሆን፣ የታሰበውም የድሮ ሰፋፊ ቀለሆችን በእርሳስ አረር ቀስ አድርገው ለሚተኩሱ ሰዎች ነው። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከፈጣኖቹ ይልቅ ቀለህ የሚሞላውን ምረጥ የሚል ነው፤ ትክክለኛ ምክርም ነው።

ግን ቀለህ የሚሞላው ባሩድ በሌላ በኩል ያስከፍላል። 1 ፓውንድ ባሩድ 7,000 ግሬን ነው። በጥይት 5 ግሬን የሚጠቀም ሰው ከአንድ ፓውንድ 1,400 ጥይት ይሞላል፤ 7 ግሬን የሚጠቀም 1,000 ብቻ። ብዙ ሰዎች ፈጣኑን የሚመርጡት በዚህ ስሌት ነው። ዝርግ ቅንጣት ያለው ሰፊ ባሩድ በመስፈሪያ ውስጥም እኩል አይፈስም፤ ክብ ቅንጣት ግን እንደ ጤፍ ይፈሳል።

ሌላው ባሩዱ በቀለሁ ውስጥ የሚተኛበት ቦታ ነው። ሽጉጡ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ከተነሳ ባሩዱ ወደ አረሩ ይሄዳል፤ ወደ ላይ ከተነሳ ወደ መለኮሻው ይጠጋል። ባዶ ቦታ በሚበዛበት ቀለህ ይህ ብቻ የአረሩን ፍጥነት ሊለዋውጠው ይችላል። አንዳንድ ባሩዶች ከሌሎቹ ያነሰ ተጋላጭ ናቸው።

በማግነም ጥይቶች ላይ ያለው ነገር ደግሞ ከተለመደው ተቃራኒ ነው። ኤች110 እና ዊንቸስተር 296 በሁለት ስም የሚሸጡ አንድ ባሩድ ሲሆኑ፣ አምራቹ ከታተመው ልኬት በእጅጉ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል። ቀለሁ ካልሞላ ባሩዱ በደንብ ላይቀጣጠልና አረሩ አፈሙዝ ውስጥ ሊቀር ይችላል። «ትንሽ ማድረግ ሁልጊዜ ደኅና ነው» የሚለው እምነት እዚህ አይሠራም።

ልኬቱ ራሱ የሚወሰደው ከታተመ መመሪያ ነው። የባሩድና የአረር አምራቾች በግፊት መለኪያ መሣሪያ ሞክረው መነሻና ከፍተኛ ልኬት ያወጣሉ፤ የሚሞላው ሰው ከመነሻው ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። በመመሪያው ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው ለተጠቀሰው አረር፣ ቀለህ፣ መለኮሻና ጠቅላላ ርዝመት ነው። አንዱ ሲቀየር ቁጥሩ ያ ቁጥር አይደለም። በተለይ በ9 ሚሊሜትር ጥይት ቀለሁ ትንሽ ስለሆነ አረሩ ጥቂት ጠልቆ ቢሰካ ባሩዱ ያለበት ቦታ ይጠብና ግፊቱ በከፍተኛ ደረጃ ይጨምራል። የፋብሪካ ጥይት ፈትቶ ውስጡ ያለውን ባሩድ መመዘንና መቅዳትም አይሠራም፤ ፋብሪካዎች ለግለሰብ የማይሸጥ ባሩድ ይጠቀማሉና።

== ግሬንና አለካክ ==

ግሬን ከድሮ የእህል ፍሬ ክብደት የመጣ መለኪያ ሲሆን 64.8 ሚሊግራም ያህል ነው። 1 ግራም 15.43 ግሬን ይሆናል። ግሬን የክብደት መለኪያ ነው፤ የባሩዱን ቅንጣት መቁጠር ማለት አይደለም። በእንግሊዝኛ ቃሉ ለሁለቱም ስለሚያገለግል ጀማሪዎችን ያሳስታል።

ባሩድ በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው በመስፈሪያ ነው። የተለመደው መስፈሪያ ከላይ የባሩድ ማጠራቀሚያ፣ ከታች ስፋቱ የሚስተካከል ጎድጓዳ ያለበት የሚሽከረከር ከበሮ አለው፤ እጀታው ሲወርድ የተሞላው ጎድጓዳ ወደ ቀለሁ ይገለበጣል። ከዚህ የቀለለው በሊ ኩባንያ የሚሸጠው፣ በኩቢክ ሴንቲሜትር የተለካ ትንሽ ማንኪያ ነው። ሁለቱም የሚሰፍሩት መጠንን እንጂ ክብደትን አይደለም። ስለዚህ ባሩዱ ሲቀየር፣ ያው ባሩድ ሆኖ የምርት ዙሩ ሲለያይ፣ ወይም እጀታው በተለየ ኃይል ሲመታ ክብደቱ ይለወጣል። ሁለተኛው መንገድ በሚዛን ነው። ሚዛኑ የማያሻማ መልስ ቢሰጥም ለእያንዳንዱ ጥይት መመዘን ጊዜ ይፈጃል። በተግባር ሁለቱ ይጣመራሉ። መስፈሪያው በሚዛን ይስተካከላል፤ ባሩዱ እስኪረጋጋ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ሥፍሮች ወደ ዕቃው ይመለሳሉ፤ ከዚያም አሥር ሥፍር አንድ ላይ ተመዝኖ ለአሥር ይካፈላል። አማካዩ ትክክል ቢሆንም አንዱ አንሶ ሌላው በዝቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የተወሰኑት ለየብቻ መመዘን አለባቸው።

አብዛኞቹ የቤት ሚዛኖች 0.1 ግሬን ድረስ ያሳያሉ። በ40 ግሬን የጠመንጃ ልኬት ላይ የ0.1 ስህተት ሩብ በመቶ ነው። በ4 ግሬን የሽጉጥ ልኬት ላይ ግን 2.5 በመቶ ይሆናል፤ ያው ሚዛን፣ ያው ስህተት፣ አሥር እጥፍ ክብደት ያለው ውጤት። በተጨማሪም ሚዛኑ 0.1 ማሳየቱ እስከ 0.1 ትክክል ነው ማለት አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ሳይሞቅ ከተጀመረ፣ ነፋስ ከነካው፣ ወይም ከእጅ ስልክና ከፍሎረሰንት መብራት አጠገብ ከተቀመጠ ቁጥሩ ቀስ እያለ ሊሸሽ ይችላል። ማረጋገጫው ክብደቱ የታወቀ ትንሽ መመዘኛ ነው፤ እርሱም ለሽጉጥ ልኬት የቀረበ መሆን አለበት። በ300 ግሬን መመዘኛ የተፈተሸ ሚዛን በ4 ግሬን ላይ ስላለው ጠባይ ብዙ አይናገርም።

== እጥፍ የተሞላና ባዶ የቀረ ቀለህ ==

ከአለካክ ስህተቶች ከባዶቹ ሁለቱ ከ0.1 ግሬን ጋር ግንኙነት የላቸውም። ሚዛኑ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ የሚፈጠሩ፣ የትኩረት ስህተቶች ናቸው።

እጥፍ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ሲቋረጥ ነው። ስልክ ይጠራል፣ ሰው ይገባል፤ ሲመለሱ የተሞላውና ያልተሞላው ይምታታል። ውጤቱ ከተፈቀደው በብዙ የሚበልጥ ግፊት ሲሆን፣ የሪቮልቨርን ሲሊንደር ሊሰነጥቅ፣ የሌላውን ሽጉጥ ካዝና በመያዣው በኩል ሊያፈነዳና እጅንና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

ባዶ የቀረው ቀለህ የዋህ ይመስላል፤ አይደለም። መለኮሻዋ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዝ ውስጥ ልታስቀረው ትችላለች። ተኳሹ የሚሰማው ከወትሮው ያነሰ ድምፅ ብቻ ነው። በሪቮልቨር ቃታውን ደግሞ ከሳበ ቀጣዩ አረር ከተወተፈው ጋር ይላተምና አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ውስጥ ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን የሚያስገባ ኃይል ስለማይኖር ሽጉጡ ራሱ ይቆማል። ይህ ግን የሚጠቅመው ተኳሹም አብሮ ከቆመ ነው። ሽጉጥ ሲደናቀፍ ቶሎ በእጅ ስቦ መተኮስ የለመደ ሰው ያንን ጥበቃ በራሱ እጅ ያፈርሰዋል።

ለሁለቱም ስህተቶች የተለመደው መከላከያ ቀላል ነው። ቀለሆቹ ጉድጓድ ባለው እንጨት ላይ ተደርድረው ይሞላሉ፤ አረር ከመሰካቱ በፊት ሁሉም በመብራት ከላይ ይታያሉ። ሃምሳ ቀለህ ጎን ለጎን ሲቆም ከፍ ያለው ወይም ባዶ የሆነው ለዓይን ቶሎ ይለያል፤ ባሩዱ ቀለሁን የሚሞላ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። እጀታው በወረደ ቁጥር አንድ ጥይት ጨርሶ በሚያወጣ መጭመቂያ ላይ ግን እያንዳንዱ ቀለህ የሚታየው ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች የባሩዱን ከፍታ እየነካ ሲዛባ የሚጮህ መቆጣጠሪያ ይጨምራሉ።

== አያያዝ ==

ባሩድ ከመጣበት ዕቃ አይወጣም፤ ሁለት ዓይነት አይቀላቀልም፤ ሥራ ሲያበቃ መስፈሪያው ውስጥ አያድርም። ናይትሮግሊሰሪን ያለባቸው ባሩዶች ለብዙ ጊዜ ከቆዩ የመስፈሪያውን ፕላስቲክ ያጠቁታል። በጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ የባሩድ ዕቃ ብቻ መኖር አለበት የሚለው ደንብ የሚያሰለች ቢመስልም፣ የተሳሳተ ባሩድ የመሙላትን አደጋ ከምንጩ ያደርቃል። የተበላሸ ባሩድ የሚኮሰኩስ የአሲድ ሽታና ቀይ ቡናማ ጭጋግ ወይም ዝገት መሰል ዱቄት ያሳያል።

== ሕግ ==

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ መሙላት ግን የአምራችነት ፈቃድ ይጠይቃል። በአገሪቱ የእሳት መከላከያ ደንብ መሠረት እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድ በመጀመሪያው ዕቃው ሆኖ በመኖሪያ ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ ከ20 እስከ 50 ፓውንድ የሚሆነው ቢያንስ 1 ኢንች ውፍረት ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ የሚተዳደረው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።